የገበያ ቀን ሕፃናት

ይህ ጉዳይ የአንድ ዓመት የገበያ ቀኖቼን በልቶብኛል፤ ጨው የሚገዙኝንም ግማሾቹን አስኮርፎብኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቆቦ ውስጥ ከሱቄ ፊት ለፊት ቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ከፈተ። አስተማሪዋ ማትሪክ ያልመጣላት የወልድያ ልጅ ነበረች። እኔ ፊደል የለየሁት ከጭነት መኪና ጀርባ ጽሑፍ ላይ ነው። አምስት ዓመት የሞላት ልጄ ግን በጥቂት ወር ውስጥ የሳሙናውን ካርቶን ማንበብ ጀመረች። ወላሂ፣ ያን ቀን ሳሙናውን ለመሸጥ ሳሳሁ።

ነጋዴነቴ ግን ቀደመኝ። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣች አንዲት እናት ልጅ አዝላ ስትንገላታ አየሁና፣ «እዚያ አስቀምጪው፣ አስተማሪዋ ታየዋለች» አልኳት። አስቀምጣው ስትመለስ ከእኔ ጨው ገዛች። ነገሩ ጣመኝ፤ ላገኘኋት ሁሉ መንገር ጀመርኩ። ሠላሳ አራት የነበሩት ሕፃናት በገበያ ቀን ዘጠና ገደማ ሆኑ። አንዷማ ፍየሏንም አስራ ሄደች።

አንድ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ዋለ። አስተማሪዋ ጎረቤት ከተማ ዋጃ ሻይ ቤት ተቀጥራለች አሉኝ። በጭነት መኪና ተሳፍሬ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ጨው ሊሸጡልኝ መጡ?»

«ልመልስሽ ነው። ደመወዙ አነሰሽ?»

«ማነሱንማ አውቄ ነው የገባሁት። ቤት ከምቀመጥ ብዬ ነው፣ አልዋሽዎትም። ኋላ ልጆቹን ወደድኳቸው። በገበያ ቀን ግን አንዱን ሳባብል አንዱ መንገድ ላይ ይወጣብኛል። መኪና ቢገጨውስ? ማነው የሚጠየቀው፣ እርስዎ?»



«በገበያ ቀን በሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ» አልኳት።

«ሱቁስ?»

«ይዘጋ።»

«ሳይ አምናለሁ።»

በቀጣዩ ገበያ መቀመጫ ዱካዬን በሩ ላይ አድርጌ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጥኩ። በሩ ገና እንደተዘጋ ነው፤ ቢሆንም ያልተመዘገበ ልጅ ሊጥሉ የመጡትን ሁሉ መለስኩ።

«አምጪው ያሉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?» አለች አንዷ።

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነበር።»

«እንግዲያስ ጨውዎን ራስዎ ይላሱት!»

ፊት ለፊት የተዘጋውን ሱቄን እያየሁ ዋልኩ። ደንበኞቼ ጎረቤቴ ሱቅ ሲሰለፉም አየሁ። ከዱካዬ አልተነሣሁም። በሦስተኛው ሳምንት አስተማሪዋ መጣች፤ ዱካዬን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ «ያሳልፉኝ፣ እኔ ተመዝግቤያለሁ» አለችኝ። እኔም ዓመቱን ሙሉ በገበያ ቀን እዚያው ተቀመጥኩ፤ እናቶቹ ተስፋ ቆርጠው የተዉት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለት ዓመት አስተማረች። ከዚያ መምህራን ማሠልጠኛ ገባችና የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሆነች፤ ደመወዙ ይሻላል፤ ልጅ አምጥቶ የሚጥልባትም የለም። በምትኳ የመጣችው አንድ ወር ሳትሞላ ሄደች። መዋዕለ ሕፃናቱ ተዘጋ። ልጄ አንደኛ ክፍል የገባችው ማንበብ ችላ ነው።