በቀኝ የሚወጣ ሞተር

ወፍጮ ጠጋኝ ነኝ። ከላይ ጋይንት እስከ ስማዳ፣ አንዳንዴም እስከ እስቴ ድረስ፣ ወፍጮ ቆመ በተባለበት ሁሉ መፍቻዬን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ እሄዳለሁ። መኪና የሚዘልቀው ጥቂቱ ቀበሌ ነው። በእግሬ ልሂድ ብል ደግሞ እኔ እስክደርስ ሰዉ እህሉን አሸክሞ ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳል፤ ባለ ወፍጮውም እኔን ሲረግም ይውላል። ስለዚህ ሞተር ሳይክል ለኔ ጌጥ አይደለም፣ የገበሬ በሬ ማለት ነው። በሞተር ጉዳይ ሰው ሊመክረኝ ሲነሳ ደሜ የሚፈላውም ለዚህ ነው።

አሮጌዋ ሞተሬ አልነሳም ብላ የቀረችበትን ያን ክረምት አሁን ሳስታውሰው ደስ ይለኛል። ያኔ አባቴ ነበሩ። ስማዳ ውስጥ ባለች የገጠር ደብር መሪጌታ ሆነው ያረጁ ሰው ናቸው። ግራ ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ለሕክምና ንፋስ መውጫ፣ እኔ ቤት መጥተው ነበር። ከእድሜያቸው ብዙውን በጀርባዋ ያሳለፉባት በቅሏቸውም በዚያው ሰሞን ሞታለች። ሐኪሙ ጉልበቱ እንደ ድሮው እንደማይሆን በነገረን ቀን ማታ፣ እራት ላይ፣ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ሳልሞት ቤተ ልሔምን አንድ ጊዜ ብሳለም» አሉኝ።

ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩባት ደብር ናት። ወጣትነታቸው ያለቀው እዚያ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር በቀለሷት ጎጆ ውስጥ ነው። «ይሄማ ምን ይቸግራል፣ በመኪና እወስድዎታለሁ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። መሳለም የፈለጉት በተማሪነታቸው በተመላለሱበት መንገድ፣ ቁራሽ በለመኑባቸው መንደሮች በኩል አልፈው ነው። በዚያ በኩል መኪና አያልፍም። እኔም ሳላስብ «እንግዲያው ሞተር ልገዛ ነውና በሱ እንሄዳለን» አልኩ። ቃሌን ያዙት። አንዴ የያዙትን ደግሞ እንደማይለቁ አውቃለሁ።

አስፋልቱ ዳር ያገለገለ ሞተር የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ለኔ የሚሆኑ ሁለት ሞተሮች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። አንዱ ረጅም ነው፤ ጎማው ጥርሳም፣ ሞላው ጠንካራ፣ ድንጋይና ውሃ እንዳይነካው ጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው፣ በቀኝ በኩል ወደ ላይ የተሰቀለ። ሌላው አጭር ነው፤ መቀመጫው ሰፊና ለስላሳ፣ ማርሚታው ዝቅ ብሎ በሽፋን የተሸፈነ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ለከተማና ለአስፋልት የተሠራ። ረጅሙን ቁልቁለት ላይ ሞክሬው ነበር። ድንጋዩን ሲረግጠው ድንጋይ መሆኑ አይታወቅም። ልቤ እዚያው ቀረ። ማታ ተኝቼ ድምፁ ይሰማኝ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ግን አባቴን ሳላሳይ መግዛት አልሆነልኝም። በሱ ላይ የሚቀመጡት እሳቸውም ናቸዋ። ይዣቸው ሄድኩ። ነጋዴው ወንበር ሲያቀርብላቸው አልተቀመጡም፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሁለቱን ሞተሮች በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ይዞሯቸው ጀመር። መቀመጫውን በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉ። ጎማውን በመቋሚያ ነካ ነካ አደረጉት። ከኋላ ቆመው ቁመናውን አዩ።

«ይሰግራል ወይስ ይረግጣል?» ብለው ነጋዴውን ጠየቁት።

«ይሰግራል እንጂ አባ! ረጅሙማ ውሃ ሞልተው ቢይዙ አይፈስብዎትም።»

«ጀርባው ከሲታ ነው» አሉ ረጅሙን እያዩ። ነጋዴው ሳቀ። እኔ ግን ውስጤ ተቆጣ፤ የወደዱትን ሰው ሲነቅፉበት እንደሚቆጣ ዓይነት።

እስቲ ይሞክሩት ተባለና ረጅሙን አስነስቼ ግቢውን ሁለት ሦስት ጊዜ ዞርኩበትና ፊታቸው አቆምኩት። ትከሻዬን ያዙ። እንግዲህ በኛ አገር በቅሎም ሆነ ፈረስ የሚወጣው በቀኝ በኩል ነው። አባቴ ቀኝ እግራቸውን እርካብ ላይ ያሳርፉና ግራውን ያሻግራሉ፤ እድሜ ልካቸውን እንዲያ ነው። ሞተሩንም በቀኝ ዞረው የእግር ማሳረፊያውን እንደ እርካብ ረገጡት። የተሰቀለውና የጋለው ማርሚታ ደግሞ ልክ እዚያ ነው ያለው። ቅልጥማቸውን ሲያገኘው ተሰማኝ። አልጮሁም። እግራቸውን ቀስ ብለው አወረዱና ሱሪያቸውን ሰብስበው አዩት።

«ይሄስ ይነክሳል» አሉ።

ነጋዴው ማር ሊያመጣ ሮጠ። እኔ ደንግጬ ስለነበር መናደድ ጀመርኩ፤ እኔ ስደነግጥ የሚመጣልኝ ቁጣ ነው። «አባዬ፣ ሞተር በግራ ነው የሚወጣው! ዓለም ሁሉ በግራ ነው የሚወጣው!»

«ዓለም ጉልበቱ ደኅና ነዋ» አሉኝ። «የኔ ግራ አይሸከመኝም። በግራ ልውጣ ብል ጉልበቴ እንቢ አለ፣ በቀኝ ልውጣ ብል ሞተርህ እንቢ አለ። እና ምን ትለኛለህ?»

ማሩን ቀባናቸው። ከዚያ አጭሩን ሞከሩ። መቀመጫው ዝቅ ያለ ስለሆነ እግራቸው በቀላሉ ተሻገረ፤ ማርሚታውም በሽፋኑ ውስጥ አርፎ ተቀምጧል። ከጀርባዬ ተደላድለው ተቀመጡና ወዲያው ደግሞ ወረዱ።

«እኔን ተወኝ» አሉ። «ለእንጀራህ የሚሆነውን ግዛ። ቤተ ልሔምን በልቤ እሳለማታለሁ።»

ቢያኮርፉ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ያሉት ከልባቸው መሆኑ ነው ያቃጠለኝ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ከሁለቱ አንዱን ማጣት ነበረብኝ። እያጉረመረምኩ አጭሩን ገዛሁ።

ረጅሙን አንድ የእንስሳት ሐኪም ወሰደው። ጠዋት ጠዋት በቤቴ በራፍ ያልፍ ነበር፤ ሰላም ሲለኝ እጄን አነሳለታለሁ እንጂ ዓይኔ ከሞተሩ ላይ ነው። የኔዋ ስማዳ ቁልቁለት ላይ ሆዷን እያስፋቀች፣ እኔም በየድንጋዩ እየወረድኩ እየገፋሁ ነው የምንውለው። ባለ ወፍጮዎቹ «ዔሊዋ ደረሰች» ይሉኝ ጀመር። እውነታቸውን ነው።

ኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ መንገዱ ደረቀ፤ ወደ ደብራቸው ተመልሰው የነበሩትን አባቴን ይዤ ከስማዳ ተነሳሁ። ገና ከመነሳታችን ተጣላን። ሄልሜቱ ከጥምጥማቸው በላይ አይገባም፣ ጥምጥሙን ደግሞ አላወልቅም አሉ። «ወድቀው ቢሞቱስ?» ብላቸው «ባለ ጥምጥም ሆኜ እሞታለኋ» አሉኝ። በመጨረሻ ሻሹን ፈትተው፣ አጥፈው፣ ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። መቋሚያውን ከሞተሩ ጎን አሰርኩት። ቀበቶዬን በሁለት እጃቸው ያዙ። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፤ አንዳንዱ ሰው አውድማውን ይለቀልቃል። የገለባው ሽታ ዛሬም ካፍንጫዬ አልጠፋም።

ብዙም ሳንሄድ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አቆምኩ። ወረዱ፤ ሄልሜቱን አውልቀው ከማዶ ለምትታየው ቤተ ክርስቲያን ሰግደው እንደገና ወጡ። ትንሽ እንደሄድን ሌላ ቤተ ክርስቲያን፤ ትከሻዬ ተመታ። ያንን አልፈን ኮረብታውን ስንዞር ሌላ። በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ እንደሚወርድ አውቃለሁ፣ በዚያው አድጌያለሁ። ግን የጋይንትን ቤተ ክርስቲያን ማን ቆጥሮ ይጨርሳል? ፀሐይዋ እየገፋች ሄደች። አንድ ቦታ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ሞተር ነው፣ በቅሎ አይደለም።»

«እኔ ግን ያው ነኝ» አሉና ወረዱ።

ያን ቀን ስንቴ እንደ ወረዱ ስንቴ እንደ ወጡ እግዜር ይወቀው። ሁልጊዜ በቀኝ ነው፤ ሁልጊዜም እግራቸው ሳይነካ ይሻገራል። ረጅሙን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያዋ ደብር አናልፍም ነበር። ይህን ለራሴ ያመንኩት እየተናደድኩ ነው።

አንድ መንደር ስንደርስ ግራና ቀኝ ሲያዩ ቆዩና አንድ ወይራ ስር አስቆሙኝ። በተማሪነታቸው እህል ያላጡባት ሴትዮ ቤት እዚያ ነበር። ቤቱ የለም፤ ቦታው ታርሶ ሽምብራ ተዘርቶበታል። «ተማሪ ሁሉ የሚፈራው ውሻን ነበር» አሉኝ። «የሷ ውሻ ግን እኔን ያውቀኝ ነበር። ድምፄን ሲሰማ ይተኛል።» ለሴትዮዋ ነፍስ ጸልየው ሲጨርሱ ያገሩ ሰው መጥቶ ማንን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። ስሟን ነገሩት። የሚያውቃት የለም።

ቤተ ልሔም የደረስነው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። አባቴ ጥምጥማቸውን ከደረታቸው አውጥተው ጠመጠሙ፤ ደጁን ተሳለሙ፤ ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ጎጆዎች ሄዱ። ድጓ እየተዜመ ነበር። የሚያስተምሩት መምህር ከኔ ብዙ የማይበልጡ ሰው ናቸው። አባቴን ሲያዩ ብድግ አሉና «ይግቡ፣ አብረውን ያዚሙ» አሏቸው። አባቴ እምቢ ብለው ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ለብዙ ጊዜ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። በኋላ ድምፃቸው ወጣ፤ ቀጭን ሆኗል፣ ይሰበራል፣ ግን ከልጆቹ ጋር አብሮ ወጣ ወረደ። እንባቸውን አልጠረጉትም። አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የማደርገው ቢጠፋኝ ሄጄ ምንም ያልሆነውን የሞተሩን ካንዴላ መንቀል ጀመርኩ።

እዚያው አድረን በማግስቱ ስንመለስ ደብሯ ከምትሰወርበት አፋፍ ላይ ትከሻዬን መቱ። ወረዱና ረጅም ጊዜ ቆመው አዩዋት። ከዚያ ወደ ሞተሩ ዞረው መቀመጫውን፣ የበቅሎ አንገት እንደሚደባበስ፣ ደበስ ደበስ አደረጉት።

«እንግዲህ እንደ ረጅሙ ያለውን ግዛ» አሉኝ። «ልብህ እሱ ላይ እንደ ነበር አላጣሁትም። እኔ ከእንግዲህ መንገድ የለኝም። የቀረችኝን አራት ሰው ያደርሰኛል።»

«ይውጡ፣ ሳይመሽ እንግባ» ብዬ ሞተሩን አስነሳሁ።

ቀኑ ሲደርስ ከአራቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። ለካህን አስከሬኑ በመንገድ ላይ እያረፈ ፍትሐት ይደረስለታል። ባሳረፍናቸው ቁጥር ሌሎቹ ቃሬዛውን ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ፣ «ትንሽ እንቆይ» እያልኩ የማስቸግረው እኔ ነበርኩ።