ሁለት ሁለት ክኒን

አክስቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለሰው ክኒን ሲሰጡ ሁለት ሁለት ነበር። እንደ ጉርሻ ሁሉ አንድ ብቻ መስጠት ነውር ይመስላቸዋል።

ክኒኑ ለአጥንታቸው ሕመም የታዘዘላቸው፣ ኮዴይን የሚሉት ብርቱ መድኃኒት ያለበት ማስታገሻ ነው። እዚህ ናዝሬት ያለ ልዩ ማዘዣ አይገኝም፤ የመድኃኒት ቤቱ ሰውም ማዘዣውን አስቀርቶ ጥቂት ብቻ ነበር የሚሰጠኝ። እሳቸው ግን ወገቡን ይዞ ለገባ ጎረቤት ሁሉ ያድሉታል።

እኔ በመሠረተ ትምህርት ዘግይቼ ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ያላነበብኩት ወረቀት የለም። "አክስቴ፣ የክኒኑ ወረቀት ለታዘዘለት ሰው ብቻ ይላል እኮ። ውስጡ ፓራሲታሞልም አለበት፤ በላዩ ሌላ ከተደረበ ጉበት ይጎዳል" እላቸዋለሁ።

"ክኒኑ እኔን በምን ለይቶ ያውቀኛል? አንቺ ልጅ፣ ፊደል ከቆጠርሽ ወዲህ እኮ ቀበሌ ሆንሽብኝ!"

እንግዶቹ ይስቃሉ። ሲወጡ አክስቴ "ዛሬ እንኳ ተሽሎኛል" ይሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይተኛሉ።

ግራ የገባኝ ይኸው ነው። እውነት ተሽሏቸው ነበር ወይስ ክኒኑ አልቆባቸው? ለቅሶው ላይ አንዷ "በሳቸው ክኒን ነው ቆሜ የሄድኩት" አለች። ሌላዋ ደግሞ "እኔንስ ቀኑን ሙሉ ራሴን አስቶኝ ዋለ" አለች። ሁለቱም ከልባቸው ያለቅሳሉ። የትኛዋን ልመን?

ትናንት የቆቃ ዓሣ የሚሸጡት ጎረቤታችን ጉልበታቸውን ይዘው መጡ። ከአክስቴ መደብ አጠገብ ተቀምጠው ሲያወሩ፣ ሳያስቡት መዳፋቸውን ወደ ባዶው ቦታ ዘረጉ። ዞር ሲሉ አዩኝ፤ እጃቸውንም ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።