«ሆ» የእጅ ጀርባ ነው

«ይህ ግድግዳ የመምህራን ነው። አያትሽ ሞግዚት ነበሩ፤ ንፍጥ ማበስ ማስተማር አይደለም» አለኝ የመዋዕለ ሕፃናቱ ርዕሰ መምህር፣ እንዲሰቅልልኝ የወሰድኩትን የአያቴን ፎቶ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ።

አይ ምሁር! አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከቧንቧው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የልጆቹን እጅ ሲያጥቡ፣ በየጣታቸው «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ» ይሉ ነበር። «ህ» መዳፍ ነው፣ «ሆ» የእጅ ጀርባ። በማግስቱ «ለ» ይቀጥላል። እዚህ መካነ ሰላም ውስጥ የስንቱ ልጅ እናት ለሥራ ጅዳ ናት፤ እጁን የሚይዙለት አያቴ ነበሩ! «እጁን ያልያዝሽውን ልጅ ፊደል አታስይዢውም» ይሉኝ ነበር። ይኼ ግን ልጅ መማር የሚጀምረው ጠመኔ ሲያይ ይመስለዋል። ጠመኔ ራስ!

በመስኮቱ ወደ ቧንቧው አየሁ። በርጩማው የለም። አንዲት ሕፃን ጣቶቿን ብቻዋን አጥባ «ሄ» ካለች በኋላ መዳፏን ዘርግታ ቆማለች።

«እሷንስ ማን ያስተምራት?» አልኩት።

«ክፍል ስትገባ ትማራለቻ!»

ፎቶውን ነጥቄ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩና ወደ ልጅቷ ወጣሁ። መዳፏን እያጠብኩ «ህ» አልኳት። እጇን ገልብጣ «ሆ!» አለችኝ። በቀሚሴ ጫፍ አደረቅኩላትና የግቢውን በር ከፍቼ ሄድኩ።