እማዬ የሰፋችው የጭምብል ልባድ

ዛሬ ራጉኤል አጠገብ ሳልፍ የብየዳ ሽታ ሸተተኝና እናቴ ትዝ አለችኝ። እንዴት ያለች ብልህ ሴት ነበረች!

በጃንሆይ ጊዜ አባዬ መርካቶ፣ ግቢያችን ውስጥ ብረት ይበይድ ነበር። የጭምብሉ ማሰሪያ ግንባሩን ቢልጠው ጊዜ፣ ጭምብሉን ትቶ በባዶ ዓይኑ መበየድ ጀመረ። ዓይኑ ቀልቶ እንባው አልቆም አለ። እማዬ የጎጃም በቅሎ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ከጋቢዋ ጫፍ ቀደደችና አጣጥፋ ማሰሪያው ላይ ሰፋችበት።

"በቅሎ እንኳ ያለ ልባድ አትጫንም፤ እስቲ ይሞክሩት" አለችው።

"ደግሞ በቅሎ አደረግሽኝ?" ብሎ ሳቀ።

"ዓይንዎ እኮ የእኔም ነው።"

አጠለቀው፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ጭምብል በይዶ አያውቅም።

ያኔ ቃሏ አልገባኝም ነበር። አሁን ይገባኛል፤ በስተርጅና የእሷ ዓይን ሲደክም፣ መርፌዋ ላይ ክር የሚያስገባላት አባዬ ነበር።