ሻምፒዮኑን የቀደመው ላይል

ላይል ሆስቴተር በአሥራ ሰባት ዓመቱ አንድ ቀን ዋረን ቶልበርግን በሩጫ ቀደመው። ያን ጊዜ ዋረንን ከትንሿ ከተማቸው ከዌልቢ ውጭ የሚያውቀው አልነበረም። ኋላ ግን ዓለም ያጨበጨበለት ሯጭ ሆነ፤ ከተማዋም መግቢያዋ ላይ ምስሉን ሰቀለች። ላይል የበቆሎ መኪና ሾፌር ሆኖ እዚያው አዮዋ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ብቻውን የጠራለት ሰው የለም። በሠርግም በቀብርም፣ ነዳጅ ማደያው ጋ ሳይቀር፣ "ይሄውላችሁ፣ ዋረንን የቀደመው ላይል!" ነው።

ነገሩ እንደ ቁንጫ በላው። አንድ ቦታ መርጋት አልሆነለትም። ቡናውን ሳይጨርስ ይነሳል፤ ስብከት መሐል ሹልክ ብሎ ወጥቶ የቤተክርስቲያኑን ግቢ ይዞራል።

"ኧረ ቁጭ በል! ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?" ትለዋለች ሚስቱ ማቪስ።

"ያን ቀን እኮ ዋረን ሆዱን አሞት ነበር። ይህን የሚያወራ የለም።"

"አንተ ንገራቸዋ።"

"ነገርኳቸው። 'አይ ትሕትና!' አሉኝ።"

ላይል ስድሳ ዓመቱን ባለፈበት በጋ ዋረን ለከተማዋ በዓል ሊመጣ ነው ተባለ። ከንቲባዋ ዶርካስ ፒል ላይል ቤት ድረስ መጣች።

"ጋሽ ላይል፣ ከዋረን ጋር አንዴ ቢሮጡልንስ? ከባንኩ እስከ ፖስታ ቤቱ ብቻ።"

"እሺ" አለ ወዲያው። ዶርካስ ስትወጣ ማቪስ አፈጠጠችበት።

"አበድክ?"

"ልሸነፍ ነው፣ ማቪስ። ከተሸነፍኩ ይተዉኛል።"

በበዓሉ ቀን ዋናው መንገድ ሰው በሰው ሆነ። ዋረን ሸብቶ፣ ከስቶ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ መጣ። መነሻው ላይ ጠጋ ብሎ፣ "ላይል፣ ጉልበቴ ውስጥ ብረት ነው ያለው። እንዳትስቅብኝ" አለው።

"አንተ ብቻ ቅደመኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ምን እያሉኝ እንደኖርኩ ታውቃለህ?"

"እኔንስ? የትም አገር ብሄድ አንድ የዌልቢ ሰው ይመጣና፣ 'ላይል ቀድሞህ ነበር አይደል?' ይለኛል!"

ሁለቱም በሳቅ ሲፈርሱ ፊሽካው ተነፋ።

ዋረን እያነከሰ ሄደ፤ ላይል ደግሞ ከሚያነክሰው ሰው ኋላ ለመቅረት መከራውን አየ። ፖስታ ቤቱ ሲቀርብ ሳያስበው ቀድሞት ስለነበር ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ የጫማ ማሰሪያ ማሰር ጀመረ። ዋረን አለፈውና ሪባኑን በደረቱ በጠሰ። ሕዝቡ ጮኸ። ላይል ከጀርባው ጆንያ የወረደለት ያህል ቀለለው።

ማምሻውን ላይል ፓይ የሚሉትን የፍራፍሬ ኬክ ለመብላት ተሰልፎ ሳለ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እንግዳ ሰው ይዞ መጣ። "ይሄ ማን መሰለህ? ዋረንን በልጅነቱ የቀደመው፣ በእርጅናው ደግሞ አውቆ የተሸነፈለት ላይል!"

ላይል ሳህኑን አስቀምጦ ወደ ቤቱ ሄደ።

በመከር ባልና ሚስቱ ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ሩቋ ከተማ ወደ ዱሉዝ ሄደው ሐይቅ ዳር ገቡ። እዚያ ላይልን የሚያውቅ አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ሕፃን ተኛ። እያደር ግን እግሩ አላስቀምጥ አለው፤ በውርጭ ሐይቁን ዳር ዳሩን ይመላለስ ጀመር።

አንድ ቀን ፀጉር ቤት ተቀምጦ ሳለ ዋረን በቴሌቪዥኑ መጣ።

"ይሄን ሰውዬ ማንም ቀድሞት አያውቅም አሉ" አለ ፀጉር ቆራጩ።

ላይል የወንበሩን ክንድ ጨበጠ። "ይባላል።"

"አይንቀሳቀሱ እንጂ፣ ጌታዬ! ጆሮዎን ልቆርጠው ነበር።"

ቤት ገብቶ ለማቪስ ነገራት።

"እና ነገርከው?"

"አልነገርኩትም።"

"ደግ አደረግህ።"

ላይል ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ተመላለሰ። "ነገ ሄጄ ልንገረው ይሆን?"

"ፀጉርህ እኮ ተቆርጧል።"

"ጢሜ አለ" አለ፤ ኮቱን እንኳ አላወለቀም።