የኋላው መስታወት ሲጠራ

አልአሚን መኪና ወደ ኋላ መንዳት የፈራው ሸርቆሌ ላይ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። የሆሞሻ ልጅ ነው፤ መንዳት የተማረው ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን፣ ደማዚን ውስጥ፣ በጭነት መኪና ላይ ነው። ክልሉ ተመሥርቶ የኛ ቢሮ አሶሳ ሲከፈት፣ ከአካባቢው ተወላጆች መጀመሪያ በሹፌርነት የተቀጠረው እሱ ነበር። ቀጠን ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ የሚያደርግ ሰው ነው። እኔ ደግሞ የቢሮው ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ዘነቡ እባላለሁ፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ከመጣነው ሰፋሪዎች አንዷ ነኝ። ምላሷ ስለታም ነው ይሉኛል፤ ውሸት አይደለም።

መኪናዋ የመጣችው ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ነው። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ለክልሉ አስረከባት። ጣሪያዋ ከፍ ያለ፣ ብዙ ሰው የምትይዝ መኪና ናት። በኋላው መስታወቷ ላይ ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች ከዳር እስከ ዳር ተሰምረዋል። ለምን እንደሆኑ ማንም አልጠየቀም፤ ጌጥ መስለውን ነበር። የድርጅቱ ስም ደግሞ ከውስጥ በኩል፣ መስመሮቹ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል ተለጥፏል።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ዓብዱልላጢፍ ይህን ስም ማየት አልቻሉም። ቀድሞ መምህር የነበሩ የአሶሳ ሰው ናቸው፤ አልአሚን እስካሁን «ኡስታዝ» ነው የሚላቸው፤ ንጽሕናና ሥርዓት ይወዳሉ። «ራሳችንን የቻልን ክልል ሆነን የሌላ ሰው ስም ተሸክመን አንዞርም» አሉ። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ምላጭ ይዘው፣ ራሳቸው መኪናዋ ውስጥ ገብተው ስሙን ፋቁት። እኛም ውጭ ቆመን አጨበጨብን። ከዚያ የቢሮው ስም ከውጭ በኩል በጎን በሮቿ ላይ ተለጠፈ። አልአሚን በደስታ ከተማውን አዞራት፤ ሚስቱን ሂባን ከገበያ ከነዘንቢሏ ጭኖ ቤቷ አደረሳት። ያን ቀን የከለከለው ሰው አልነበረም።

ክረምቱ ሲገባ ግን የአሶሳ ዝናብ መጣ። ሰው በስብሶ ይገባል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ትንፋሽና እርጥብ ልብስ አንድ ላይ ሆኖ መስታወቱን ሁሉ ነጭ ያደርገዋል። የፊቱን በጨርቅ ይወለውሉታል። የኋላውን ግን ማን ይደርስበታል?

ያን ቀን ሸርቆሌ ትምህርት ቤት ደርሰን ልንመለስ ነበር። መኪናዋ ጢም ብላለች፤ እኔም ከኋላ ተጨናንቄ ተቀምጫለሁ። አልአሚን ከግቢው ለመውጣት ወደ ኋላ መንዳት ጀመረ። ወዲያው ሴቶች ጮኹ። ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ተጋጨን። ወርዶ ሲያይ አንዲት የሕፃን የላስቲክ ጫማ የኋላው ጎማ ሥር ጭቃው ውስጥ ተጣብቃለች። ባለቤቷ ትንሽ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ይዛ፣ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ቆማ ጫማዋን ታያለች። ምንም አልሆነችም። እናትየውም «አልሐምዱሊላህ፣ ኸላስ፣ በቃ» ብላ ልጇን አቀፈች። አልአሚን ግን ጭቃው ላይ ቁጭ አለ፤ ጫማዋን መንቀል አቃተው።

ከዚያ ወዲህ ሳይወርድ ወደ ኋላ መንዳት ቀረ። ማርሽ ሊያስገባ ይልና ይተወዋል፤ በሩን ከፍቶ ይወርዳል፤ መኪናዋን ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ ሥሯን አይቶ ይመለሳል። ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ «ካየሁ በኋላ ልጅ መጥቶ ከሆነስ?» ይልና እንደገና ይወርዳል። ገበያው መሐል የኋላው ሰው ጥሩንባውን እያስጮኸ ይሰድበዋል። በየመንደሩ መንገድ ወደ ኋላ ላለመንዳት መዞሪያ ፍለጋ ወደፊት ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ ድንበሩ ላይ ሊያደርሰን ምንም አልቀረው። ሠራተኛው «ወደፊት ብቻ» የሚል ስም አወጣለት። እኔም ግቢ ውስጥ ሲጨናነቅ ሳየው «አልአሚን፣ ምን አስጨነቀህ፣ በሱዳን በኩል ዞረህ ና!» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱ እጁን አፉ ላይ አላደረገም።

ወሬው አቶ ዓብዱልላጢፍ ጆሮ ደረሰ። አስጠሩት፤ እኔ የነዳጅ ጉዳይ ይዤ ቢሯቸው ነበርኩ።

«አልአሚን፣ ሰው እየሳቀብህ ነው» አሉት። «የአገር ልጅ መኪና ይዞ ይሠራል ብዬ ተከራክሬ ያስቀጠርኩህ እኔ ነኝ። አንተ ላይ የሚስቅ እኔም ላይ ይስቃል። ወይ እንደ ሰው ንዳ፣ ወይ ከነገ ጀምሮ በር ጠብቅ።»

«መስታወት ነው፣ ኡስታዝ» አለ አልአሚን። አማርኛው ሲጨነቅ ይጠፋበታል። «ዝናብ ሲመጣ ሁሉ ነጭ ይሆናል። ደማዚን መኪና ውስጥ አይቻለሁ፤ ማብሪያ ይጫናል፣ መስታወት ይሞቃል፣ ይደርቃል። ይሄ መኪናም ማብሪያ አለው። እጫናለሁ፣ እጫናለሁ፣ ምንም የለም።»

ኃላፊያችን ፈረዱ፦ «እንግዲያው ይመርመር። ጥፋቱ የመስታወቱ ከሆነ ይሠራል፣ አንተም ትነዳለህ። የመስታወቱ ካልሆነ ግን ጥፋቱ አንተ ነህ።»

እንዲህ ተባለና የሰውየው እንጀራ መስታወት ላይ ተንጠለጠለ። ሂባ ቤቴ ድረስ መጥታ «ዘነቡ እህቴ፣ ይሄ ሰው አይበላም፤ እንቅልፉም ውስጥ ፍሬን ይረግጣል» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔ ስለ ቆጠራና ስለ መጋዘን እንጂ ስለ መስታወት ምን አውቃለሁ።

ከባምባሲ ዳበሳ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጣ። ገና ሳይነካት «ፊውዝ ነው» ብሎ ደመደመ። ፊውዙን ቀየረ። ምንም የለም። «እንግዲያው ማብሪያው ነው» አለ። ከመጋዘኔ ካቻቢቴና ፒንሳ አስፈርሜ አወጣሁለት፤ ከመሪው አጠገብ ያለውን ሁሉ ፈትቶ ወንበር ላይ ዘረገፈው። ማብሪያው ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ትንሿ ብርቱካናማ መብራቱም ቦግ ትላለች። አልአሚን ሐኪም ቤት በር ላይ እንደቆመ አስታማሚ ከትከሻው አይለይም። ዳበሳ ዝም ባለ ቁጥር «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ይለዋል።

«ተው ማሎ፣ እባክህ፣ አታስጨንቀኝ!» አለው ዳበሳ በመጨረሻ።

በማግስቱ ሽቦውን ተከትሎ ወደ ኋላው በር መጣ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሽቦው የሚታጠፍበት ቦታ አለ፤ እዚያ ተበጥሶ ይሆናል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ሽቦው አልተበጠሰም። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚበራ የፍተሻ አምፖል አውጥቶ ጫፉን መስታወቱ ዳር ላይ ቢያስነካው አምፖሉ በራ።

«ኤሌክትሪኩ እዚህ ድረስ ደርሷል» አለ ራሱን እያከከ። «ታዲያ መስታወቱ ለምን አይሞቅም? መስታወቱ ራሱ ሞቶ እንደሆነ እኔ ሙት አላስነሳም።»

የአልአሚን ፊት አመድ መሰለ። «ሞቷል ማለት... አይሠራም ማለት ነው?»

«ቆይ፣ ጉሙን ልየው። ጉም ሳይኖር ምኑን አያለሁ?»

ዝናቡ እየጣለ ነበር። ዳበሳ ሠራተኛውን ሁሉ ጠርቶ መኪናዋ ውስጥ አስገባንና መስኮቶቹን ዘጋ። «በሉ ተንፍሱ!» አለን። ትልልቅ ሰዎች፣ ባለ ቦርሳ ባለ ክራቫት፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን እንደ ወናፍ መተንፈስ ጀመርን። አንዱ ደግሞ ሽንኩርት በልቶ ነው የመጣው። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር፤ የአልአሚንን ከንፈር ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ። «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» ይላል ድምፅ ሳያወጣ። መስታወቱ ነጭ ሲሆን ማብሪያውን ተጫነው።

ጠበቅን። ምንም የለም። ደግሞ ጠበቅን። ከዚያ ከላይኛው መስመር ዙሪያ እንደ ክር የቀጠነ ንጹሕ ነገር ታየ። ሰፋ። ከታች ያለውም መስመር እንዲሁ ጠራ። መሐሉ ግን፣ ሰፊው መሐሉ፣ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ዳበሳ በላያችን ተንጠራርቶ የአምፖሉን ጫፍ በአንዱ የመሐል መስመር ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደው። አምፖሉ በርቶ፣ በርቶ፣ አንድ ቦታ ላይ ድርግም አለ። ሁለተኛውም መስመር እዚያው አካባቢ ጠፋ። ሌላውም። በጣቱ ዳሰሰና «እዚህ ተቆርጧል፤ እዚህም፤ እዚህም። ኤሌክትሪኩ መሻገሪያ የለውም» አለ። «ማነው ይሄን መስታወት በምላጭ የፋቀው?»

ሁላችንም የመኪናዋን ጣሪያ ማየት ጀመርን። አቶ ዓብዱልላጢፍ ውጭ ጃንጥላ ይዘው መስኮቱ ጋ ቆመው ነበር፤ ዳበሳ በሩን ከፍቶ ስለነበር ጥያቄውን ሰምተዋል። ጃንጥላውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ሌላ ኃላፊ ቢሆን ዓይኑን በጨው አጥቦ ይክድ ነበር፤ አከበርኳቸው። አልአሚን ግን ማን እንደፋቀው ጉዳዩም አልነበረም። «መስታወት ነው! እኔ አይደለም፣ መስታወት ነው!» እያለ የያንዳንዳችንን እጅ ጨበጠ፤ የዳበሳን ግንባር ሳመ፤ ለሂባ ሊነግራት በዝናቡ ውስጥ ሮጠ።

ለተቆረጠው መስመር መቀጠያ የሚሆን፣ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ቀለም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጡ፤ ኃላፊው ራሳቸው ደውለው ነው ያስላኩት። ዳበሳ ከመስመሩ ላይና ታች ፕላስተር ለጥፎ፣ በቀጭን ብሩሽ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ቀጠለው። ሲደርቅ ሌላ ዝናብ ጠበቅን፤ መጣም። እንደገና ገብተን ተነፈስን። ማብሪያው ተጫነ። መስመሮቹ አንድ ላይ ጠሩ፤ ከዚያ መስታወቱ በሙሉ ጠራ። የግቢው በር፣ ማንጎው፣ የዘበኛው ጎጆ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየ። አጨበጨብንና ወረድን።

«በል እንግዲህ፣ ወደ ኋላ!» አሉ አቶ ዓብዱልላጢፍ። ፊታቸው በርቷል።

አልአሚን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩን አስነሳ። እጁን ማርሹ ላይ አደረገ። በሩን ከፍቶ ወረደ።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊው አልሳቁም። ጥፋታቸውን በሰው ፊት አምነዋል፤ ቀለሙን ለምነው አስመጥተዋል፤ አሁን ደግሞ ይሄ።

«ምን ቀረህ አሁን? መስታወቱ ነው አልክ፣ መስታወቱ ተሠራ!»

«ትንሽ ልይ፣ ኡስታዝ።»

«ምኑን ነው የምታየው? ዞር በል!» ብለው ራሳቸው ገብተው ተቀመጡ፤ በሩን በኃይል ዘጉት።

እኔ ይሄን ከመኪናዋ ኋላ ሆኜ ነው የምሰማው። ዳበሳ የመጋዘኔን ዕቃ ጭቃ ላይ ጥሎት ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ፒንሳዬን እያነሳሁ ነው። ከውስጥ የኃላፊው ድምፅ መጣ፦ «ይኸው! በሩ ይታያል። ዛፉ ይታያል። ማንም የለም!»

ፊቴ ላይ ነጭ መብራት በራ። የኋላ ማርሽ እንደገባ ገባኝ። ተነሺ አልኩ ለራሴ፤ ጩኺ አልኩ። ምላሴ፣ ያ የሚፈሩት ምላሴ፣ ከላንቃዬ ተጣበቀ። የኋላው ፓራውልት ብረት መጥቶ ትከሻዬን ነካኝና በቂጤ ጭቃው ላይ ዘፍ አልኩ።

«ዘነቡ የለም!» አለ አልአሚን። መኪናዋን በጡጫ ሲደበድባት ሰማሁ። «ዘነቡ የት ሄደ? ኡስታዝ ቁም! ዘነቡ የት ሄደ?»

መኪናዋ ቆመች። ጎማው እግሬ አጠገብ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ።

አቶ ዓብዱልላጢፍ ወርደው መጡ። እኔን አዩ፤ መስታወቱን አዩ፤ እንደገና እኔን አዩ። «ጥርት ብሎ ነበር እኮ» አሉ። «አላየሁሽም፣ ዘነቡ። ወላሂ አላየሁሽም።»

አልአሚን በብብቴ ይዞ አነሳኝ። ከዚያ መስታወቱ ፊት ቆሞ ቀረ። ሰውየው የዳነ መስሎት ስንት ቀን በደስታ ሲዞር ከርሞ አሁን ፊቱ እንደ ሸርቆሌው ቀን ሆነ።

«ያ ልጅም አይታይም ነበር፣ ኡስታዝ» አለ።

«የትኛው ልጅ?»

«ሸርቆሌ። መስታወት ጥሩ ቢሆንም አይታይም ነበር። መስታወት ከላይ ነው፤ ልጅ አጭር ነው።»

ኃላፊው «እየወረድክ እያየህ ንዳ፤ ማንም ምንም አይልህም» አሉትና ወደ ቢሯቸው ሄዱ። ጃንጥላቸውን ረስተውት ሄዱ።

አልአሚን መኪናዋን ዞረ። ጎንበስ ብሎ ሥሯን አየ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ መቆሜን አየ፤ የሌሎቹንም ፊት አንድ በአንድ አየ። ገብቶ ተቀመጠ፤ ደግሞ ወረደና አየ። ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ነዳት። የሳቀ ሰው አልነበረም። እኔም ፒንሳዬን በሁለት እጄ ይዤ፣ ምነው ሦስተኛ ጊዜም ወርዶ ባየ እያልኩ ነበር።