ሽማግሌውን ለማየት የተቆረጠ ወረቀት

ጆቫኒስ ዱላ ትልጣለች። ቢላዋውን ወደ ራሷ እየሳበች ቅርፊቱን በረጅሙ ታወርደዋለች፤ ቅርፊቱ እግሯ ሥር ይከመራል። ቀጥላ በጠርሙስ ስባሪ እየፋቀች ታለሰልሰዋለች። መያዣውን በአውራ ጣቷ ደጋግማ ትዳስሳለች፤ የፈረንጅ መዳፍ ስስ ስለሆነ ትንሽ ስንጥር እንኳ ከቀረች ዱላው ይመለሳል። በመጨረሻ ከማድቤቷ ጣሪያ ሥር፣ ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች። ጭስ ያልጠገበ ዱላ ነቀዝ ይበላዋል።

የምኖረው ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ ይህን ሁሉ ከደጃፌ ሆኜ አየዋለሁ። ዱላዎቹ ወደ ጫካው በር ይሄዳሉ፤ ጎሪላ ሊያዩ የመጡ እንግዶች ዳገቱን ይመረኮዟቸዋል። ጆቫኒስ ግን በዚያ በር ገብታ አታውቅም። ቤታችን ከጫካው ጫፍ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከዛፎቹ ወርዶ ድንች ማሳችን ላይ ይተኛል፤ ቢሆንም ለመግባት የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። ፈረንጁ ሰባት መቶ ዶላር ይከፍልበታል። ለእኛ ለአገሬው ሰዎች ሁለት መቶ ሃምሳ ሺ ሽልንግ ነው፤ ረክሶላችኋል ይሉናል። በዚያ ገንዘብ ሁለት ፍየል ይገዛል። ከመንደራችን ከፍሎ የገባ ሰው አላውቅም።

ባሏ ባሪጊራ ግን ሳይከፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገብቶ ወጥቷል። የጎሪላ ዱካ ተከታይ ነበር። ጎህ ሲቀድ ይሄዳል፣ ጎሪላዎቹ ያደሩበትን ያገኛል፣ እንግዶቹ እስኪደርሱ አብሯቸው ይቆያል። ከጎሪላዎቹ አባወራውን፣ ጀርባው የሸበተውን፣ «ሽማግሌው» ይለው ነበር። ቤት ሲመለስ ወሬው ሁሉ ስለ እሱ ነው፤ ዛሬ ምን እንደበላ፣ ማንን እንደተቆጣ፣ ዝናብ ሲመጣ እጆቹን አጣምሮ እንዴት እንደተቀመጠ።

«ልክ እንደ አባቴ ነው» ይል ነበር። «ሲከፋው ጀርባውን ይሰጥሃል።»

ጎሪላን የሰው ጉንፋን ይገድለዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚያስል ካለ ባሪጊራ ወደ ቤት አይመጣም፤ ላይ ካለው የጠባቂዎች ጎጆ ያድራል። ሁለተኛ ልጃቸው፣ ገና ጡት ያልጣለች ሕፃን፣ ሳል የያዛት ጊዜ እዚያው ዘጠኝ ቀን አደረ። በስምንተኛው ቀን ልጅቷ ሞተች። ላይ የሄደው መልእክተኛ ጫካ ውስጥ አጣው። የቀበርናት እኛ ጎረቤቶቿ ነን። ባሪጊራ በማግስቱ ወርዶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ሌላ የሚያስል አለ?» አለ።

«የለም» አለችው ጆቫኒስ። «ግባ።»

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ሲነጋገሩ አልሰማሁም። ከሦስት ዓመት በፊት ባሪጊራም በሆድ ሕመም ሞተ። ጆቫኒስ አላለቀሰችም። ዱላ መላጥ የጀመረችው በተቀበረ በሳምንቱ ነው። ለቀለብ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አብረን አደንጓሬ ስንለቅም፣

«ልየው ብዬ ነው» አለችኝ።

«ማንን?»

«ሽማግሌውን።»

«አይተሽው ምን ልታደርጊው?»

«ምንም። ልየው ብቻ።»

ገንዘቡ እስኪሞላ ዓመት ከአራት ወር ፈጀ። ከተማ የተዳረችው ልጇ ስኮቪያ ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«እማዬ፣ አብደሻል? በዚህ ገንዘብ ጣሪያሽን አትቀይሪም?»

«ጣሪያው አያፈስም» አለቻት። ያፈስ ነበር።

የበሩ ቢሮ ጸሐፊ አሳፍ ስሟን ጽፎ ለማክሰኞ ቀን ቆረጠላት። ወረቀቱን አጥፋ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው በባሪጊራ ቦቲ ጫማ ውስጥ፣ በግራው፣ ከተተችው። በዚያው ሳምንት አንዱ ሎጅ አርባ ዱላ አዘዘ። ዝናቡ አላባራ ስላለ ማድቤቷን ዘግታ አራት ቀን ሙሉ አጨሰቻቸው። እሑድ ሳሏ ከመንገድ ማዶ ተሰማኝ። ዝንጅብል ይዤ ሄድኩ።

«ጭሱ ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ከጭሱ ወጣ በይ!»

«ዱላውን ማን ያገላብጠው?»

ማክሰኞ አብሬያት ሄድኩ። የባሪጊራን ቦቲ አድርጋለች፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቃ። ቦርሳ ተሸካሚዎቹ ግንቡ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«ኧረ ጉድ እዩ! ዱላ ሻጯ ዛሬ ፈረንጅ ሆነች!»

«እማማ፣ ቦርሳሽን ልሸከምልሽ? በዶላር ነው እንግዲህ!»

«ቦርሳ የት አላትና? ራሷን ተሸከማት!»

«አንተ ነህ የምትሸከመኝ?» አለችው ጆቫኒስ። «ለእናትህ አንድ ጀሪካን ውሃ ቀድተህ የማታውቀው?»

ሳቁ። ጆቫኒስ አልፋ ከሰባት ፈረንጆች ጎን አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አስጎብኚው ደንቡን ይነግራቸው ጀመር። ሰባት ሜትር ራቁ፣ እዚያ ምግብ የለም፣ ጣት መቀሰር የለም። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦

«የሚያስል አለ? ያተኮሰው፣ ሆዱን ያመመው ካለ አሁን ይናገር።»

አንድ አረጋዊ ፈረንጅ አፍንጫውን በመሐረብ ጠርጎ መሐረቡን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ጆቫኒስ የሰጠኋትን ዝንጅብል ጉንጯ ውስጥ ይዛለች፤ ከቤት ከወጣን አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለችም። አስጎብኚው ሰዎቹን ለማስነሣት እጁን አነሣ።

«እኔ» አለች።

«ምን ሆኑ እማማ?»

«አስላለሁ።»

አሳፍ ከቢሮው ብቅ አለ። «እማማ ጆቫኒስ፣ የጭስ ሳል አይደል እንዴ? መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጭስ ነው ይበሉና ይሂዱ።»

«ጭስ ይሁን ጉንፋን አላውቅም።»

«ጭስ ነው ብዬ እኔ ልመስክርልዎት?»

«አላውቅም አልኩህ እኮ ልጄ።»

አሳፍ ወረቀቱን ተቀብሎ ጀርባው ላይ ጻፈ። «እስከ ዓርብ ይዘውልኝ ይምጡ፣ ሌላ ቀን እቆርጥልዎታለሁ። ዓርብ ካለፈ ግን ገንዘቡ ተቃጠለ ማለት ነው፤ እኔም ምንም አልረዳዎት።»

ሰባቱ ሄዱ። አራቱ የያዙት እሷ የላጠችውን ዱላ ነው። እኛ ግንቡ ላይ ተቀምጠን ለመንገድ የቀቀልኩትን ስኳር ድንች በላን።

«አፍሽን ይዘሽ ዝም አትይም ነበር?» አልኳት።

ያኘከችውን ዋጠች። «ጠየቀ እኮ» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ጭቃ በጭቃ ሆነው ወረዱ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ በደጃፏ ሲያልፍ፣ «አልቀረብሽም እማማ!» አላት። «ሽማግሌው ጀርባውን ሰጥቶን ነው የዋለው። ሰባት መቶ ዶላር ለጀርባ!»

ጆቫኒስ አዲስ ዱላ አነሣች።

ሐሙስ ሳሉ ተወት አደረጋት። ዓርብ ጠዋት ቢሮው ድረስ ልሸኛት ነጠላ ጫማዬን አጥቤ ተሻገርኩ። ትልጥ ነበር።

«ዛሬ ዓርብ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ወረቀቱስ?»

በአገጯ ወደ ተሰቀለው ቦቲ ጠቆመችኝ። «አሥር ዱላ ቀርቶኛል። ልጨርስና።»

እኔም ከጎኗ ተቀምጬ በጠርሙስ ስባሪ መፋቅ ጀመርኩ። ቀትር ላይ ዝናብ ጣለ፣ አባራ። አሥሩ አለቁ፤ ከተከመረው ሌላ መዘዘች። ቢሮው የሚዘጋበት ሰዓት ሲደርስ ቀና ብዬ አየኋት። «ለጀርባውማ የባሪጊራ ይበቃኛል» አለችኝ፤ ቢላዋዋን ወደ ራሷ ትስባለች። ቦቲው ከተሰቀለበት አልወረደም፣ የማክሰኞው ጭቃ ደርቆበት ነበር።